ወይዘሮ አንተ

እህቴን አገር ሁሉ የሚያውቃት በአንዲት ቃል ነው። ገበያ ስንወጣ ድንች ሻጩ፣ አውቶቡስ ስንሳፈር ትኬት ቆራጩ፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ ነጭ ጋዋን የለበሰው ዶክተር ሳይቀር «እስቲ አንዴ አንተ ይበሉኝ» ይላታል። እሷም ወገቧን በሁለት እጇ ትይዝና፣ ከእግሩ እስከ ራሱ ቃኝታ፣ «አንተ!» ትለዋለች። ሰውየው በሳቅ ፍርስ ብሎ ይሄዳል። እኔ ዘንቢሉን ተሸክሜ እንደ ግንድ ተገትሬ እጠብቃለሁ። ድንች እኮ ይከብዳል።

ለለመናት ሁሉ ስታድላት የኖረችውን ይህቺን ቃል ከልቧ ልትላት የምትፈልገው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ለእኚያ ሰው ግን፣ ማንም በሌለበት፣ አንድም ቀን ሳትላቸው ልታረጅ ሆነ። አረጀችም። እኔ ታናሿ ነኝ፤ ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጠገቧ ነበርኩ። ስለዚህ ጋዜጠኞች ስለ እሷ የሚያወሩትን ተዉትና እኔን ስሙኝ።

ቴሌቪዥን ገና ሲጀመር ጣቢያው የድሮ መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ዜና አንባቢው ይጮሃል፤ ፀሐይ ሲሆን ደግሞ የመብራቱ ሙቀት ተጨምሮበት ሰው ይቀቀላል። እህቴ እዚያ ታይፒስት ነበረች። ድራማ ሲኖር ጽሑፉን በካርቦን እያባዛች የምትመታው እሷ ናት። ድራማው የሚተላለፈው በቀጥታ ነው። ተሳሳትኩ፣ ልድገመው ማለት አይታሰብም። ከአፍ የወጣ ሁሉ እዚያው በዚያው ሰው ቤት ይገባል።

ያን ጊዜ ሴት ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ነበር። የቲያትር ቤት ሰው ነው፤ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ መድረክ ላይ ሲወጣ ከሩቅ ያምርበታል። ካሜራ ግን ምሕረት የለውም። ጠዋት የተላጨው ጢም ለምሽቱ ድራማ ብቅ ብሎ የጨዋይቱን ሚስት አገጭ አጠቆረው። ተመልካች በስልክ ጣቢያውን አጨናነቀው። «ሴትዮዋ ትላጭ እንጂ!» ያለም ነበር። ኃላፊው ተናደው ከቢሯቸው ሲወጡ መጀመሪያ ዓይናቸው ያረፈው ታይፕ ላይ ያቀረቀረችው እህቴ ላይ ነው።

«የሚቀጥለውን ክፍል ታውቂዋለሽ?»

«የመታሁት እኔ አይደለሁ?»

«በይ ተነሺ። ሚስት ሆነሻል።»

በቃ፣ በቴሌቪዥን የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይት የተመረጠችው እንደዚህ ነው። አሁን ሲጽፉት የረቀቀ ፈተና የተካሄደ ያስመስሉታል። እኔም በዚያው ቀን ተጠራሁ፤ ቀሚሱ የተሰፋው ለወንድየው ትከሻ ስለነበር በእህቴ ልክ የሚያጠብበው ሰው አስፈለገ።

ባልየውን የሚጫወቱት ጋሼ ነበሩ። ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። ገና ጎልማሳ ቢሆኑም አቋማቸውና ያ ከደረት የሚወጣ ድምፃቸው ጋሼ አሰኝቷቸዋል። ሚስታቸው ሞታባቸው አንዲት ትንሽ ሴት ልጃቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ሸሚዛቸውን ራሳቸው የሚተኩሱ ሰው ናቸው። መተኮሱንም አይችሉበትም፤ እጅጌው ላይ ሁልጊዜ ሁለት መስመር ይኖራል። ይህን ልብስ ሰፊ ያያል።

ድራማው ምግባር አስተማሪ ነው ተብሎ እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ነበር። ባል ከሥራ ይመጣል፣ ሚስት ኮቱን ትቀበላለች፣ «እንደምን ዋሉ፣ እራት ቀርቧል፣ ይቀመጡ» ትላለች፣ ባልም ስለ ጥሩ ጠባይ ረጅም ንግግር ያደርጋል። እህቴ የመጀመሪያዎቹን ዓረፍተ ነገሮች ሳትደናቀፍ ተወጣቻቸው። እኔ ጥግ ላይ የገመድ ጥቅል ላይ ተቀምጬ፣ መርፌና ክር ይዤ እጠብቃለሁ።

ጋሼ ንግግራቸውን ጀምረው ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት። ከኋላቸው መሬት ላይ አንድ መብራት ነበር። የኮታቸው ጫፍ መብራቱ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ ጭሱ። ካሜራው ፊት ለፊት ስለሆነ ሌላው ሰው አላየም። ጋሼ ስለ ትዕግሥት እየተናገሩ ነው። እህቴ አየች።

«አንተ! ተነስ! ኮትህ ተቃጠለ!»

እሳት ሲነሳ አንቱታ የሚያስብ ሰው እስቲ አምጡልኝ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሚስት ባሏን፣ ያውም ጋሼን የመሰለ ባል፣ ያውም አገር እያየ፣ አንተ! አዘጋጁ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ጋሼ ከወንበሩ ዘለው ተነሱ፤ ከዚያ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ሁለት እጃቸውን አጣምረው እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ጎንበስ አሉና፦

«አቤት እመቤቴ! ምን አጠፋሁብዎት?»

ካሜራ ያዡ በሳቅ ሲንፈራፈር ካሜራው አብሮት ተንቀጠቀጠ፤ በየሰው ቤት ምስሉ ተናወጠ። እህቴ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውኃ ማንቆርቆሪያ አንስታ ኮታቸው ላይ ደፋችው። «አሁን ቁጭ በል» አለቻቸው። «ስለ ትዕግሥት የጀመርከውን ጨርስ።» ጋሼም ውኃ እየተንጠባጠበባቸው «እንደ ፈቀዱ እመቤቴ» ብለው ቁጭ አሉ። ቀሪውን ክፍል እሷ አንተ እያለች፣ እሳቸው እርስዎ እያሉ፣ እየፈጠሩ ጨረሱት።

ኃላፊው ሊያባርሯት ደብዳቤ ላስጽፍ ብለው ታይፒስት ሲፈልጉ ታይፒስቷ ራሷ እሷ ሆነች። እስኪያስቡበት ድረስ ስልኩ ይጮህ ጀመር። የሚቀጥለው መቼ ነው የሚል ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ድራማው ኮሜዲ ሆነ፤ እህቴም ወይዘሮ አንተ ሆና ቀረች።

ቤታችን ግን ጉድ ፈልቷል። አባታችን ሰዓት ጠጋኝ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ሲናደዱ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ። ያን ቀን መነጽሩን ወለወሉት፣ ወለወሉት። እናታችን ጓዳ ገብታ ሳቋን በመሐረብ ታፍናለች። በማግስቱ አባባ ጋሼን አስጠሩ። መጡ፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ልጄ ሰው ፊት አንተ ትልዎታለች» አሉ አባባ። «ሥራ ነው ብላችኋል፣ እሺ። ሰው በሌለበትስ?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። እህቴ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሰው በሌለበት እርስዎ ትለኛለች። እኔም እርስዎ እላታለሁ። ቀይዋ መብራት ስትጠፋ እንደ እንግዳ ሰው ነን። ቃሌ ነው።»

«ታናሽየዋም አብራት ትሄዳለች።»

«ትምጣ። ልብስ የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን።»

እኔ ቋሚ ሥራ ያገኘሁት እንደዚህ ነው፤ አንድ ቀንም ማንም አልጠየቀኝም። ጋሼ ደግሞ ቃላቸውን ጠበቁ። ብዙ ወንድ ቃል ሲሰጥ ሰምቻለሁ፤ እንደ እሳቸው እስከ ጥጉ ድረስ የጠበቀ ግን አላየሁም። አንዳንዴ ባይጠብቁት ምን ነበር እላለሁ።

ቀይዋ መብራት ከስቱዲዮው በር በላይ ነበረች። ስትበራ አየር ላይ ነን ማለት ነው። ያኔ እህቴ «አንተ፣ እስከ አሁን የት ነበርክ?» ትላለች፤ ክራባታቸውን ታስተካክላለች፤ ጫማህን ጥረግ ትላቸዋለች፤ ትከሻቸው ላይ ያለ ክር ታነሳለች። ክሩን እኔ ነኝ የማደርገው፤ እንድታነሳው። ስትጠፋ «ጋሼ፣ ዛሬ ደከመዎት?» ትላለች። እሳቸውም «ደኅና ነኝ፣ እርስዎስ?» ይላሉ። ሁለት የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ደረጃ ላይ ተገናኝተው የሚነጋገሩ ነው የሚመስሉት።

ሥራዋን ስትሠራ ማየት ነበር! ማስመሰል አታውቅም። ሽንኩርት ከተባለ በእውነት ትከትፋለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ እንባው እየወረደ ባሏን ትቆጣለች፣ ተመልካች ይስቅ ያልቅስ ግራ ይገባዋል። አዲስ ቀልድ ሲመጣላት መጀመሪያ የምትነግረው ለበር ጠባቂው ነው። ሰውየው ጥርስ የማያሳይ ኮስታራ ነበር። እሱ ከሳቀ ታስገባዋለች፣ ካልሳቀ ትጥለዋለች። አዘጋጁ ይህን ሲሰማ ቅር አለው፤ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

በየቤቱ ሚስቶች ባሎቻቸውን አንተ ማለት ጀመሩ ተባለ። አንድ ሰውዬ ጣቢያው በር ድረስ መጥቶ «ቤቴን አፈረሳችሁት» ብሎ ጮኸ። እህቴ ወጣችና «ፈረሰ ወይስ በሩ ተከፈተ?» አለችው። ሊመልስላት አፉን ሲከፍት በር ጠባቂው ሳቀ፤ ሰውየውም ራሱ ሳቀ። ሴቶች ደግሞ መንገድ ላይ ያቅፏታል። አንዲት ትልቅ ሴትዮ እጇን ይዘው «እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አልኩት፤ ደነገጠና ውኃ ቀዳልኝ» ብለዋታል። እህቴ ያን ቀን ሲሰማት የዋለው ደስታ ሌላ ነበር።

እጩ ባሎችም አልጠፉም። ነጋዴው መጣ፣ መምህሩ መጣ፣ የባንክ ቤቱ ሰው መጣ። ሻይ ይቀርብላቸዋል፣ ይጠጣሉ፣ ትንሽ ቆይተው «እስቲ እንደዚያ አንተ በይኝ» ይላሉ። እሷም ትላቸዋለች፤ እየሳቁ ይወጣሉ፤ እሷም በሩን ትዘጋለች። አባባ «ምን ጎደለው?» ሲሉ «ምንም» ትላለች። ሁሉም የፈለጉት ወይዘሮ አንተን ነው፤ እህቴን ያያት የለም።

ነገሩ የገባኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ልምምድ ላይ የጋሼ ኮት ቁልፍ ተቆረጠ። ልሰፋው ስነሳ እህቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። እሷ ደግሞ ቁልፍ መትከል ዱሮም አትችልም። ጋሼ ኮቱን ሳያወልቁ ቆሙላት፤ እሷም እዚያው ላያቸው ላይ ሰፋችው። ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ጎንበስ አለች፤ አጎንብሳ ትንሽ ቆየች። «አመሰግንዎታለሁ» አሉ ጋሼ። «ምንም አይደለም ጋሼ» አለች። ቁልፉ ጠማማ ነበር። ላስተካክለው ብል እሳቸው እምቢ አሉኝ፤ እንደ ጠመመ ሲለብሱት ኖሩ።

በዚያ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊት ጠየቅኋት። «እትዬ፣ ጋሼን ትወጃቸዋለሽ?»

አልካደችም። «መብራቷ ስትበራ እኮ ነው ቤቴ የምገባው» አለችኝ። «አንተ፣ ብርድ እንዳይመታህ እላቸዋለሁ፤ እውነቴን ነው፣ ማንም አያውቅም። ስትጠፋ ከቤቴ እንደምባረር ሆኖ ይሰማኛል።»

«እና ንገሪያቸዋ!»

«ምን ብዬ?»

«አንተ ብለሽ!»

ሳቀች። ግን ቃሏ ሆዷ ውስጥ ገባች፤ አየሁት። ለሳምንታት ተለማመደቻት። መስታወት ፊት ቀስ አድርጋ፣ ያለ ወገብ መያዝ፣ ያለ አገጭ ማንሳት፣ ሰው ለሚወደው ሰው እንደሚላት አድርጋ «አንተ» ትላለች። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚያ አንጀቴን የበላው የለም።

አንድ ቀን መብራቷ ጠፍታ ሠራተኞቹ ገመድ ሲጠቀልሉ፣ ጋሼ በሩ አጠገብ ካፖርታቸውን እየለበሱ ሳለ፣ ሄደች። ፊቷን የሚያስውበውን ዱቄት እንኳን አልጠረገችም። አጠገባቸው ቆመች።

«አንተ…» አለች፤ ዝግ ብላ።

ጋሼ አንድ እጃቸውን እጅጌው ውስጥ እንደከተቱ ቀጥ አሉ። አዩዋት። ለአንድ አፍታ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ፤ እኔ አይቼዋለሁ፣ ማንም አላየሽም አይለኝም። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አጣመሩና፣ ያን ከደረት የሚወጣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«አቤት እመቤቴ! ምን አጠፋሁብዎት?»

ስቱዲዮው በሳቅ ተናጋ። ገመድ የያዘው ገመዱን ጣለ። እህቴም ሳቀች፤ ሙያዋ ነዋ! ወገቧን ይዛ «ካፖርትህን በደንብ ልበስ!» ብላ ጨመረችበት፤ ደግሞ ሳቁ። አውቶቡስ ውስጥ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከፌርማታችን ስንወርድ ብቻ ተናገረች።

«አንተ የምትለዋን ቃል ለአገር ሰጠኋት» አለችኝ። «ለራሴ ትንሽ እንኳን አላስቀረሁም።»

እኔ ጋሼን ለወራት አኮረፍኳቸው። ሱሪያቸውን አጠበብኩባቸው፤ አውቄ ነው። እሳቸው እየተቸገሩ ይቀመጣሉ እንጂ ለምን አላሉኝም።

ብዙም ሳይቆይ አባባ ሞቱ። ሰው ሁሉ እያለቀሰ እኔ አንድ ክፉ ሐሳብ አሰብኩ፦ አሁን ጋሼን በቃላቸው የሚያስራቸው የለም። ተሳስቼ ነበር። ለሕያው ሰው የተሰጠ ቃል ተለምኖ ይመለሳል፤ የሞተ ሰው ግን ቃልህን መልሼልሃለሁ አይልም። ጋሼ ቀብር ላይ መጥተው የእህቴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዜር ያጽናዎት» አሉ። ያቺን «ዎት» ስትሰማ እህቴ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሰዉ ለአባቷ ነው ያለቀሰችው ይላል።

ፕሮግራሙ ለብዙ ዓመት ቀጠለ፤ ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣና ጊዜው አልፎበታል ብሎ ዘጋው። ያን ዕለት መብራቷ ለመጨረሻ ጊዜ ስትጠፋ እህቴ ቆማ አየቻት፤ ሰው ቤቱ ሲሸጥ በሩን እንደሚያይ። ኋላ ላይ መቅረጽ ሲጀመር የተቀዱትን ካሴቶች እንኳን አላስቀመጡም። ካሴት ውድ ነው ተብሎ ላያቸው ላይ ኳስ ጨዋታ ቀዱባቸው። ወይዘሮ አንተ በሰው ጭንቅላት ውስጥ እንጂ የትም የለችም። እህቴ ሌሎች ሥራዎች ሠራች፣ ወጣቶች አስተማረች፣ ሽልማት ተሰጣት። ጋሼ ልጃቸው አግብታ ወደምትኖርበት ከተማ ሄዱ። በስልክ ይገናኛሉ። «ጤናዎት እንዴት ነው?» «ደኅና ነኝ፣ የእርስዎስ?» «ጉልበትዎስ?» «እርስዎስ፣ ዓይንዎን ታዩ?» እኔ ማዶ ቁጭ ብዬ እየሰፋሁ እሰማለሁ። አንዳንዴ መቀሱን ወርውሬ ስልኩን መንጠቅ ያምረኛል። ስትዘጋው ስልኩ ላይ እጇን ለጥቂት ጊዜ ታኖራለች።

ባለፈው ዓመት የጋሼ ልጅ ደወለች። አባቷ ከአልጋ አይነሱም፤ ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ አልሰጧትም። እህቴ ስልኩን ዘግታ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች። በዚያው ሰሞን ደግሞ ጣቢያው ኢዮቤልዩ ሊያከብር ነው። ከምስሉ ምንም ያልተረፈ መሆኑን የሰማው አዘጋጅ፣ ጸጉሩን በቅባት ያቆመ ልጅ፣ ሁለታችሁን አንድ ላይ እንቅረጽ ብሎ ሙጭጭ አለ። ጋሼም በልጃቸው በኩል ይምጡ አሉ። እኔ ሰውየው ታመው ነው ብዬ ልጮህበት ስል እህቴ «ተይው» አለችኝ። «መኪና አለው። አውቶቡስ እስኪደርስ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም።»

ስንደርስ ጋሼ መንምነው መንምነው ትራሱ ላይ ዓይንና ቅንድብ ብቻ ቀርተዋል። ልጃቸው ሸሚዝ አልብሳቸዋለች፤ በደንብ የተተኮሰ። እህቴ በሩ ላይ ስትደርስ ሊነሱ ሞከሩ።

«አይነሱ ጋሼ።»

«እንዴት እርስዎ ቆመው…»

አዘጋጁ ልጅ ካሜራውን አስተክሎ፣ መብራቱን አቃንቶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እማማ፣ ያቺን አንተ የምትለዋን! አንዴ ብቻ!» አለ። ልደበድበው ነበር። እህቴ ግን ጀርባዋን ቀጥ አደረገች፣ ወገቧን ያዘች፣ አገጯን አነሳች፤ እንዴት እንደ ሆነ እንጃ ዕድሜዋ ከላይዋ ወረደ።

«አንተ! እስከ አሁን ተኝተህ?»

ጋሼ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አጣመሩ። ድምፃቸው ከደረት አልወጣም፤ ከጉሮሯቸው ጫፍ ነው የወጣው። «አቤት እመቤቴ… ምን አጠፋሁብዎት?»

ልጁ አጨበጨበ፤ ካሜራ ያዡ ዓይኑን ጠረገ። ግሩም፣ ድንቅ፣ ታሪክ ሠራን እያሉ ዕቃቸውን ሰበሰቡ። መኪናው ውጪ እንደሚጠብቀን ነግረውን ወጡ። የጋሼ ልጅ ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም አብሬ ልወጣ ስል እህቴ ቀሚሴን ያዘች። ፈርታለች። ያቺ በአገር ፊት የማትፈራ ሴት ቀሚሴን አልለቅ አለች። ስለዚህ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ወንበሩን ወደ አልጋው ስትጎትት ሰማሁ። ጋሼም ሰሙ፤ የሚመጣው ነገር የገባቸው ይመስለኛል፤ ትንፋሻቸው ተለወጠ። አሁን አንተ ትላቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ እንደዚያን ቀን ይመልሱላታል ብዬ ፈራሁ። እመቤቴ ካሉ አልጋቸውን እገለብጠዋለሁ አልኩ፤ ታመሙም አልታመሙም።

«ጋሼ» አለች እህቴ። «ያቺን ቃል ሰዎቹ ወስደዋታል። አሁንም ይዘዋት ሄዱ። እኔ ዘንድ የቀረችው «እርስዎ» የምትለዋ ናት፤ ስለዚህ በእሷው ልናገር ነው። አይሳቁብኝ።»

አልጋው ሲጥ ሲል ሰማሁ።

«እወድዎታለሁ» አለች።

እንደዚህ የሚባል ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማንም ሰው እንደዚህ ብሎ አያውቅም። ሰው የሚወደውን አንተ ይለዋል፣ አንቺ ይላታል እንጂ በአንቱታ የሚወድ የት አለ! በሌላ አፍ ቢሆን ያስቃል። ክፍሉ ውስጥ ግን የሚስቅ አልነበረም። ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ስንጥቅ ነበረች፤ እሷን እያየሁ ጠበቅሁ።

ጋሼ ተኙ እንዴ ብዬ ዞር ስል እጃቸው የእህቴ ጉንጭ ላይ ነው። ያ እጅ ከኮሜዲው ውጪ ነክቷት አያውቅም፤ ቀብሩ ላይ ካልሆነ በቀር።

«ምነው ቆየሽ?» አሏት።

ቆየሽ። ቆዩ አላሏትም። በቀጥታ ስርጭት ላይ መልስ አጥታ የማታውቀው እህቴ ግንባሯን እጃቸው ላይ ደፋች። እሳቸውም ቀስ ብለው «አንቺ» አሏት፣ ደግሞ «አንቺ»፣ ደግሞ። እንደ አዲስ ቋንቋ የሚማሩ ነበር የሚመስሉት።

ከጓዳ የሲኒ ድምፅ መጣ። የጋሼ ልጅ ትሪ ይዛ ብቅ አለች። በሩን ገርበብ አደረግሁና በገላዬ ጋረድኩት።

«ሻዩ ይቀዘቅዛል እኮ» አለችኝ።

«ይቀዝቅዝ» አልኳት።